ቁልፉ ከዳቦ ቤት ነው

በሩ ላይ አንዲት ወረቀት፣ ዝናብ ያራሳት፣
«ቁልፉ ከዳቦ ቤት ነው» ትላለች ላነበባት።

ከግላስጎው በአውቶቡስ፣ ደብተሬን በኪሴ፣
አሥራ ሰባተኛዋን ልቆጥር ለራሴ፣
መጥቼ ነበርና መመለስ አፈርኩ፤
ዳቦ ቤቱን ፍለጋ መንደሩን ወረድኩ።

ኤልስፔት ራንኪን የሚሏት፣ ጉልበቷ የከዳት፣
ሰማንያን ከዘለለች ሁለት ዓመት የሆናት፣
ከምድጃው በስተኋላ፣ ከወንፊቱ ጎን፣
ከሚስማር አወረደች ክንድ የሚያህል ብረቱን።
«ለእንግዳ አይታዘዝም፤ ጠባይ አለው» አለች፤
ካፖርቷን ደርባ፣ ቀድማኝ ዳገት ያዘች።

የባሕሩ ነፋስ ከጎን ይጋፋል፤
ሣሩ ሁሉ ተኝቷል፣ በግ ብቻ ይቆማል።
አንዱ መቃብር ላይ መቀስ ተቀርጿል፤
ልብስ ሰፊ ነበረ፤ መቀሱ ዛሬም ጎልቷል፣
ስሙን ግን ጨው ልሶታል።

አንዷን ደግሞ ከላይ የብረት ፍርግርግ ጋርዷት፣
«ይህችስ ለምን ታሰረች?» ብዬ ጠየቅኋት።
«ሐኪሞች ሬሳ ይገዙ ነበር፤ ሌባ እንዳይወስዳት።
ከሞተች በኋላ ስንት ዘብ ቆመላት፤
በሕይወቷ ሳለች አንድም አልነበራት።»

ቁልፉ ሁለቴ ዞረ፤ ሦስተኛው ላይ ቆመ፤
በትከሻዋ መታችው፤ በሩ አጉረመረመ፣
እንቅልፉን እንዳቋረጡት ሽማግሌ እያዛጋ ከፈተልን።

ውስጡ ነጭ ነው፤ ኖራ፣ በኖራ ላይ ኖራ፤
የእርጥብ ድንጋይ ሽታ፣ የባዶ ወንበር ተራ።
ግን አንድ ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ወዝቶ ኖራው ረግፎ፣
እግር አየሁ፣ ባዶ እግር፣ ከቀይ ልብስ ጫፍ አልፎ፤
ከጉልበት በላይ የለም።
ቅዱስ ይሁን ወታደር ኤልስፔትም አታውቅም።
«መዶሻና ኖራ ይዘው ድሮ ሰዎች መጡ፤
ፊት ፊቱን ሲያሳድዱ እግሩን ረስተው ወጡ።»

ላይ የባላባቱ ሰገነት፤ የራሱ ደረጃ፣
የራሱ መስኮት ያለው፣ የራሱም ምድጃ።
ስብከቱ ሲረዝምበት ጥብስ ያስመጣ ነበር አሉ፤
ከታች ያሉት ሽታውን ከመዝሙር ጋር ይውጣሉ።

ከሰባኪው ፊት ለፊት በርጩማ ቆማለች፤
ተቀማጩ እንዲታይ እግሯ ረዝማለች።
ኤልስፔት መዝገቡን በቃሏ ታውቃለች፦
«ግሪዜል ታይት፣ ዓሣ ላይ ጨው የምትነሰንስ፣
በሺ ስድስት መቶ ሃምሳ ሁለት፣
ያለ ባል ስለ ፀነሰች፣ ማቅ ለብሳ፣ አሥራ አንድ ሰንበት።
የልጁን አባት ግን
ጸሐፊው፣ ቀለም አልቆበት ይሁን ብርዕ ተሰብሮበት…»
ዱቄት እንደሚበትን ሰው እጇን ወዘወዘች።

እኔ ልንካው አልንካው እያልኩ ሳመነታ፣
ሄዳ ቁጭ አለችበት፤ ጫማዋን ፈትታ
አሸዋ አራገፈች።
ከኪሷ ትኩስ ዳቦ አውጥታ ገመሰች።
«ከዚህ የሚሻል መቀመጫ ይህ ቤት አልነበረውም» አለች።
ትንሽ ቆይታ፣ ክሯን ስታስር አቀርቅራ፣
«የእኔንም ልጅ አባት የጻፈ የለም» አለች፣
ለጫማዋ እንደምታወራ።

ምን ይባላል? ዳቦውን ጎረስኩ።

«በመጋቢት ይሸጣል። ገዢው መኖሪያ ያደርገዋል፤
ሰገነቱ ላይ ሻወር፣ እዚህ ጋ ፍሪጅ ይመጣል።
በርጩማዋን ሙዚየሙ በመስተዋት ሊዘጋባት ነው፤
እኔ ታዲያ ጫማዬን ምን ላይ ሆኜ ላጥልቀው?»

ወጣን። ከደወሉ ማማ ሥር፣ በግንቡ ማዕዘን ላይ፣
አየሁ በድንጋዩ የተቦረቦረ ቦይ።
የደወሉ ገመድ ነው፤ መዶሻ አልነካው፤
በየሰንበቱ ሲሳብ፣ ሲሳብ ጎደጎደው።
ለሠርጉም፣ ለቀብሩም፣ ግሪዜልን ለማስቀመጥም
አንዱ ገመድ ነበረ፤ ድንጋዩ አልለየም።

ጣቴን ከተትኩበት፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ዋጠው፤
እንደ ሕፃን ድድ ለስላሳ ነው።
ኤልስፔት ከበሩ ዘንድ ቁልፉን እያዞረች
«ና እንጂ፣ ሁለተኛው ዙር ዳቦ ያርርብኛል» አለች።